የኮርቻ ሠሪው ኑዛዜና የኮሎኔሉ ዕዳ

አርባ አንድ ዓመት ቆዳ ስትወጋ የኖረች ሴት ፊት ለፊት ተቀምጣ ሳለ፣ «እዚህ ቤት ሰው የለም?» ተብሎ ይጠየቃል? ኬዛያ ሞርሌት ግን ተጠየቀች። ወስፌዋን ይዛ፣ ልጓም ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ከበሩ ሁለት እርምጃ ላይ ነበረች፤ ጠያቂውም ዐይኑ ያልታመመ ጎልማሳ ነው። የከተማዋ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ኮርቻው ሲያምር የወንድሟን ስም ጠርቶ «የጄቤዝ እጅ!» ይላል፤ ስፌቱ ሲላላ «ያቺ እህቱ ነክታው ይሆናል» ይላል።

«እኔ ምንድን ነኝ ልጄ? የኮርቻ መስቀያ ነኝ?» አለችው።

ጎልማሳው አምብሮዝ ታክሊ የሚባል የጠበቃ ጸሐፊ ነው። በፈረሱ ሆድ የሚያልፈው ጠፍር መንገድ ላይ ተበጥሶበት ነው ጎራ ያለው። አፍሮ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ፤ ባለሙያውን ፈልጌ ነው።»

«ባለሙያው ከመጋረጃው ጀርባ ሞቱን ይጠብቃል። ባለሙያዋ ይችውልህ። ጠፍሩን አምጣ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ጄቤዝ ሳቀ፤ ሳቁም ሳል ሆነበት። እግሮቹ ካበጡ ሁለት ወር አልፏል፤ ሐኪሙ ከመከር አያልፍም ብሏል። «እትዬ፣ እንግዳ አታስበርግጊ! ግባ ልጄ፣ ወሬ ርቦኛል» አለ።

ጸሐፊው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስንዴው ዋጋ፣ ስለ ቤተሰቡም ከተጨዋወቱ በኋላ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ሲሰማ ጄቤዝ እጁን አወናጨፈ።

«እኔ ጋ ሥራ የለህም። ባለፈው ፋሲካ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ በስድስቱ የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋዮች ፊት፣ ቤቱም ሱቁም ለኬዛያ ነው ብያለሁ። አለቀ።»

«ጽፈዋል ጌታዬ?»

«ምን ያስጽፈኛል? አባቴ በቃሉ ኖሮ በቃሉ ሞተ። ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው ሞትን በደብዳቤ እንደሚጠራ ነው።»

«ያንተስ ሳትጠራው መጥቷል» አለች ኬዛያ ሰም የቀባችውን ክር በጥርሷ እየያዘች።

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «አይቀየሙኝና፣ ቤት በቃል አይወረስም። ሚስትም ልጅም የለዎትም። ሳይጽፉ ቢያልፉ ሕጉ ቤቱን የሚሰጠው ለሟቹ ታላቅ ወንድምዎ ልጅ ነው።»

«ለሲላስ? በርሚንግሃም ላለው ለዚያ ቁልፍ ቸርቻሪ? ከተጠመቀ ወዲህ ይህን ደጅ ረግጦ አያውቅም እኮ!»

«ሕጉ ማን ረገጠ ብሎ አይጠይቅም።»

የኬዛያ እጅ ቆመ። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከዚህ ቤት ብትወጣ የሚቀበላት የድሆች መጠለያው ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰው ሲገባ ልብሱንም ኩራቱንም በር ላይ ያስረክባል።

ጄቤዝ ተቆጣ። «ስድስት ሰው ይመሰክራል! እናንተ የተማራችሁ የሰውን ቃል ገለባ አደረጋችሁት። ቃሌ አይታመንም ነው የምትለኝ?»

«ይታመናል እንጂ ጌታዬ። ነገር ግን በሕጉ አንቀጽ…»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ነበር፤ ልክ መሆን ብቻውን ግን ሽማግሌ አያሳምንም። አንቀጽ ያልገባው ጆሮ ውስጥ አንቀጽ ቢጨምሩበት ያው ጩኸት ነው። ኬዛያ ፊደል አልቆጠረችም፤ ወንድሟን ግን ታውቀዋለች። መጋረጃውን ገልጣ ቆመች።

«ጄቤዝ፣ ኮርቻ በስንት መርፌ ነው የምንሰፋው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? በሁለት ነዋ።»

«ለምን በሁለት?»

«አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ! በአንድ መርፌ የሚሰፋ ሰው ፈረሰኛውን ገደል ይሰደዋል።»

«ታዲያ እኔን በአንድ ክር ሰፍተኸኝ ልትሄድ ነው? ቃልህ አንዱ ክር ነው። ስጎትተው ኖሬያለሁ፤ ጠንካራ ነው። ያንተ ትንፋሽ ሲቆም ግን ይበጠሳል። ሁለተኛውን ክር አምጣ!»

ጄቤዝ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ከዚያ ጸሐፊውን «ወረቀት ይዘሃል አንተ?» አለው።

የጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪ ተጠራ፤ ኑዛዜው ተጽፎ ተነበበ። ጄቤዝም ፈረመ። «አሁን እትዬ ምልክቷን ታኑር» አለ። «ዕድሜዋን ሙሉ ማንም ፈርሚ ብሏት አያውቅም። የመጀመሪያዋ ምስክር እሷ ትሁን።»

ኬዛያ ብዕሩን ለመያዝ ሁለት ጊዜ አልተለመነችም። ጸሐፊው እጅጌዋን አፈፍ አደረገ።

«አይሆንም እመቤቴ! ኑዛዜ ላይ የሚመሰክር ሰው ከዚያ ኑዛዜ አይወርስም። ምልክትዎን ካኖሩ ቤቱን አጡት።»

ብዕሩን እንደ ጋለ ብረት ጣለችው። «እንዲያ ከሆነ ክብሩን ዳቦ ጋጋሪው ይውሰደው። እኔ ጣሪያው ይበቃኛል።»

ዳቦ ጋጋሪውና ጸሐፊው መሰከሩ። ጸሐፊው ግን ወረቀቱን አላጠፈም። «አንድ ነገር ቀርቷል። ከውርስ በፊት ዕዳ ይከፈላል። ዕዳ አለብዎ ጌታዬ?»

ጄቤዝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኬዛያ መለሰችለት። «ለቆዳ ነጋዴው ለኢኖክ ፓርዱ ሠላሳ አንድ ፓውንድ አለበት። እኛ ደግሞ ኮሎኔል ደንስታን ላይ ሠላሳ አራት ፓውንድ አለን፤ የአምስት ዓመት ኮርቻና ልጓም።»

«ዝም በይ! ትልቅ ሰው ዕዳ ክፈል አይባልም። ሲፈቅድ ይከፍላል። አባታችንም እንዲህ ነው የኖረው።»

«አባታችንማ ሲሞት የአልጋ ልብሱ ተሸጦ ነው የተቀበረው! ፓርዱ ይህን ቤት በሐራጅ ሲያሸጥ፣ ኮሎኔሉ በምን ላይ ተቀምጦ የሚያይ ይመስልሃል? በእኛው ኮርቻ ላይ!»

«እትዬ፣ ጨዋ ሰው አይለምንም።»

«ልመና ያልለፉበትን መጠየቅ ነው። ፓርዱ ስድስት ልጆች ይዞ ቆዳውን በእምነት ሰጠህ፤ እሱን አላፈርከውም። ያፈርከው ያን የጠገበውን ነው። ለጌታ አፍረህ፣ ለድሃ ሳታፍር ልትሞት ነው ጄቤዝ?»

ይህ ገባው። «ኮሎኔሉ ጋ ሂጂ» አለ። «ብቻ በጓሮ በር ግቢ።»

ኑዛዜ ሰው ይገድላል የሚሉ ይስሙ። ጄቤዝ በዚያው ቀን፣ ከስንት ሳምንት በኋላ፣ የበግ ሾርባ አምጪልኝ አለ። ሆዱን የዘጋው ሕመሙ ብቻ አልነበረም። ነገሩን በጊዜ የቋጨ ሰው ለእህቱ ጣሪያ፣ ላበዳሪው ገንዘቡን፣ ለራሱም እንቅልፍ ይተዋል። ያልቋጨ ሰው የሚተወው ክርክር ነው፤ ክርክርን ደግሞ የሚበላው ጠበቃ ነው፤ አምብሮዝም ይህን አልካደም።

በማግስቱ ኬዛያ ጸሐፊው የጻፈላትን ሂሳብ ይዛ ኮሎኔሉ ቤት በፊት ለፊቱ በር ገባች። አሽከሩ «በጓሮ!» ሲል ጆሮዋ አልሰማም። ኮሎኔሉ ቁርሱን እየበላ ወረቀቱን አነበበና ቅንድቡን አነሳ።

«አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ወረቀት እንኳ አልደረሰኝም። ጄቤዝ ገንዘቡን የማይፈልገው መስሎኝ ነበር! ደግ ሰው ነው። ወይን ጠጅ እልክለታለሁ። ሂሳቡን ደግሞ በገና እንጨርሰዋለን።»

«ወንድሜ ገናን አያያትም ጌታዬ፤ ወይን ጠጅም አልጠማውም» አለች ኬዛያ፤ ሳትጋበዝ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሰሃንዎን ገፋ ያድርጉና ሠላሳ አራቱን ፓውንድ እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ አሁን፣ ዐይኔ እያየ ይቁጠሩልኝ። ወንድሜ የቆዳ ነጋዴውን ዕዳ በገዛ እጁ ከፍሎ ይሙት።»