አቶ ሣህሉ አልዋሹም

የጅማ ሰዎች፣ ከአጋሮም ከየቡም የመጣችሁ፣ ድካማችሁን እግዜር ይቁጠርላችሁ። ይህን እኔ እህታቸው አልማዝ ተናግሬ የልጅ ልጄ ሔራን ጽፋዋለች፤ የምታነብላችሁም እሷው ናት። ሣህሉ ታናሼ ናቸው፤ ነገር ግን በአስከሬናቸው ፊት አንተ ማለት አፌ እንቢ አለኝ።

አቶ ሣህሉ ገብረየስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረየስ በላይነህ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ ደምሴ በ1952 ዓ.ም. በየቡ ተወለዱ። እሳቸው ወደ ጅማ ለትምህርት ሲላኩ እኔ ቡና ለቀማ ቀረሁ፤ ቅር ብሎኝ አይደለም የምለው። በአጋሮ አሥራ አራት ዓመት አስተምረው፣ ወይዘሮ ፍቅርን አግብተው፣ መሳይንና አዲስን ወልደው፣ ኋላ የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኑ።

በ2007 ዓ.ም. መጻሕፍቱን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተው፣ ማየት ለማይችለውም ማንበብ ላልተማረውም ማሽኑ ጮክ ብሎ ያነብባል አሉ። ርእሶቹን ሲጠራ ሰምተው ደስ ቢላቸውም፣ «እትዬ፣ ላንቺ ካነበበልሽ ለሁሉም ያነብባል፤ ሄደሽ አንዱን እስከ መጨረሻው አዳምጪልኝ» ብለው ላኩኝ። እኔ፣ እናንተዬ፣ በሩ ላይ ደርሼ ተማሪዎቹን ሳይ፣ አለመማሬ ሊታይ ነው ብዬ አፍሬ ተመለስኩ። «ሰማሁት፣ ማለፊያ ነው» አልኳቸው።

በምርቃቱ ቀን ዓይነ ስውሩ ሸኩር ከአጋሮ ተሳፍሮ መጥቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ማሽኑ ርእሱን ጠርቶ ዝም አለ፤ ለካ ገጾቹ ፎቶግራፍ ተነሥተው ነው የገቡት፣ ማሽኑም ሥዕል እንጂ ፊደል አላገኘም። «ወላሂ ጋሼ፣ እኔ አላይ፣ እሱ አይናገር፤ እንዴት ያለ ጋብቻ ነው!» ሲል አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ወዲያ በከተማው «ዋሾው ሣህሉ» ተባሉ፤ እኔም እየሰማሁ ዝም አልኩ።

እሳቸው ግን ማንንም ሳይወቅሱ፣ አማርኛውን ራሳቸው፣ ኦሮምኛውን ባልደረባቸው ደሬሳ፣ ገጽ በገጽ እንደገና እየጻፉ ሦስት ዓመት ለፉ። ሸኩርም ተመልሶ መጥቶ አንድ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ዛሬ እዚህ ቆሟል። እኔ አሁንም በዚያ በር አልገባሁም።

በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ እውነቱን ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሄጄ፣ ሦስቴም ስለ ሾርባው አውርቼ ተመለስኩ። ባለፈው ዓርብ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ዋሾዋ እኔ ነኝ፤ ስማቸውን እዚሁ መቃብራቸው ላይ መልሱላቸው። ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። የእኔ ይቅርታ ግን በእሳቸው እጅ ነበር።