የሊቀመንበሩ ግለ ሂስ

ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ላይ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠችውን ተማሪ ጠየቋት።

«ዓይንሽን ምን ነካው ልጄ?»

«የፍቅር ጓደኛዬ መታኝ፤ ከሌላ ልጅ ጋር ሳቅሽ ብሎ።»

«ለወጣቶች ማህበር አላመለከትሽም?»

«አመልክቼ ነበር እማማ። ሊቀመንበሩ እሱ ነው።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ ማን ፈረደ?»

«እሱው። ስብሰባ ጠርቶ ግለ ሂስ አደረገ፤ ጥሩ አድርጎ ስለተናገረ ተጨበጨበለት።»

«አንቺስ?»

«ባለማጨብጨቤ ተገሰጽኩ። አሁን ስለ ሴቶች እኩልነት ሊያስተምር አምደወርቅ ሲሄድ እኔን ለማሳያ ይዞኛል።»

«የታል እሱ?»

«ጋቢና።»

«ማታስ የት ልታድሪ ነው?»

«ከእሱ ጋር።»

ሴትዮዋ ተነስተው የጋቢናውን ጣሪያ ደበደቡ።

«ሹፌር! አቁም፣ ልጄን አሟታል፤ እንወርዳለን!»

እኔም የልጅቷን ጓዝ ከጆንያዎቹ ስር መጎተት ጀመርኩ።