አንቱ የሌለበት ቋንቋ

ልጄን ከተማሪ ቤት አውጥቼ ወደ እርሻ ልመልሰው ነበር አራዳ የወጣሁት። ጉልበቴ ደክሟል፤ ሌላ የሚያርስልኝም የለኝ። በተማሪ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ስጠብቀው አንድ የባላባት ልጅ በበቅሎ ደረሰ። ጢም እንኳ አላበቀለም። ወረደና ልጓሙን ወደ እኔ ወረወረ።

«አንተ ባላገር፣ ያዛት! ደግሞ እንዳታርስባት!»

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም ያዝኩለት፤ ምን አደርጋለሁ? እሱ እንደገባ ልጄ ወጣ፤ ዝቅ ብሎም ጉልበቴን ሳመ።

«ያ ልጅ እዚህ የምትማሩትን እንግሊዝኛ ይችላል?» አልኩት።

«አያጠናም። ‹የአባቴ መሬት በእንግሊዝኛ አያናግረኝም› ይላል።»

«አንተንስ ምን አተጋህ?»

ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፣ አባባ። ለጌታውም ለሎሌውም ቃሉ አንድ ነው፤ ‹ዩ› ይባላል። በአማርኛ ያንን ልጅ አንቱ እለዋለሁ። በትምህርቱ ሰዓት ግን ፊት ለፊት ‹ዩ› እለዋለሁ፤ የሚቆጣኝም የለም። ያቺን ለማለት ስል ነው ሌላውን ሁሉ የማጠናው።»

ገባኝ። ቃሉ ግን መረረኝ። «እኔንም እንደዚያ ልትለኝ ነው?»

«ምን ሲደረግ! ከአንቱ ጋር በእንግሊዝኛ ምን አወራለሁ?»

እውነቱን ነው። ተምሮ ከጨረሰ በኋላ በአማርኛም የምናወራው አይተርፈንም።

«ግባና ተማር» አልኩት። ለምን እንደ መጣሁ አልነገርኩትም። እሱ ተመልሶ ገባ፤ እኔ የበቅሎዋ ጌታ እስኪወጣ እዚያው ቆምኩ።