በሁዳዴ የጎረስኳት ዓሣ

ሁዳዴ ነው፤ ሆዴ ከጀርባዬ ተጣብቋል። ወንጭት ወንዝ ዳር ዓሣ የሚያጠምድ አንድ የመንገድ መሐንዲስ፣ «ጋሼ፣ ዕቃዬን ይጠብቁልኝ» ብሎኝ ወደ ውኃው ወረደ። ሣጥኑ ውስጥ ጣት የምታክል፣ እንደ ብር የምታብረቀርቅ ዓሣ ተጋድማለች። የደረቀች መሰለችኝ። ጾሙን ረሳሁት ብል እግዜር ይታዘበኛል፤ ግራ ቀኝ አየሁና ጎረስኳት። ለካ ትልልቁን ዓሣ ማታለያ ላስቲክ ናት! ሆዷ ሥር ያለው መንጠቆ ከንፈሬን ቀርቅሮ ያዘኝ። ጩኸቴ የሞላሌን ገበያ በተነው።

ከሁሉ ቀድመው የደረሱት የንስሐ አባቴ ናቸው። ጭራዋ ከአፌ ተንጠልጥሎ አዩ።

«አንተ! በሁዳዴ ዓሣ ትበላለህ?»

«ኧረ አባቴ፣ እሷ ናት የበላችኝ!»

መሐንዲሱ እየሳቀ በፒንሳ አወጣልኝና «አባ፣ ላስቲክ እኮ ናት» ብሎ ተሟገተልኝ። ነፍሴ መለስ አለች።

አባም ላስቲኳን አገላብጠው አዩና፣ «ለላስቲኳ ምንም የለብህም» አሉኝ፤ «ዓሣ መስላህ ለጎረስክበት ግን መቶ ስግደት።» ከዚያ ወደ መሐንዲሱ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ በሁዳዴ የምታጠምደው ለማን ነው?»

ሳቁ እዚያው ደረቀ፤ ለእሱም ሦስት መቶ ስግደት አዘዙበት። ጎን ለጎን ሰገድን። እሱ ሠላሳ ላይ «ወገቤን!» አለ፤ እኔ ግን የእሱንም ጨምሬ አራት መቶ ሰገድኩ። ካላመናችሁኝ የወንጭትን ዓሣዎች ጠይቁ።