ሰሌዳው ላይ የቀረው ወረቀት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በደርግ ጊዜ ጣና ዳር ባለ የዓሣ ምርምር ማዕከል ታይፒስት ነበርሁ፤ የስብሰባና የሠራተኛ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈውም እኔ ነበርሁ። ተመራማሪያችን አቶ ሞላ ሐሙስ ጥናት እንደሚያቀርቡ በለጠፍሁ በማግስቱ ታሰሩ። ወረቀቱን አንሺ ያለኝ የለም፤ በራሴ ማንሳቱንም ፈራሁ።

ረቡዕ ባለቤታቸው ምሳ ዕቃ እንዳንጠለጠሉ ከእስር ቤት መጡ። «ከእንግዲህ ስንቅ እንዳታመጪ አሉኝ» አሉ። የዚህን ቃል ትርጉም ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እስረኛው ተገድሏል ማለት ነው። እሳቸው ግን ሰሌዳውን አነበቡና «ተፈቷል ማለት ነዋ! ይኸው ነገ ጥናት ያቀርባል ይላል» አሉኝ። «አዎ፣ ይላል» አልሁ። ሐሙስ አዳራሹን ልከፍት ስሄድ የአቶ ሞላን የታጠበ ኮት ታቅፈው ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።