የጣና እንግዳ ወፎችና የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ፍርሃት

ጥር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ የጣና ነፋስ ማለዳ ማለዳ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ሰሞን፣ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ሐይቁ ወረዱ። መንደራቸው ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ውሃው ዳር የተቀመጠች ናት። እሳቸውም በደብሩ ዜማ የሚያስተምሩ፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው። ያን ዕለት የወረዱት ግን ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል ምን ያህል እንደደረቀ፣ እሳት ቢለኩሱበት ይይዝ እንደሆነ ለማየት ነበር።

ከደንገሉ ጥግ ሰው ቆሞ አዩ። ጥቁር ኮፍያ ያጠለቀ፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ወደ ሐይቁ የደገነ ሰው። መሪጌታ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ዘመኑ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል፤ በመነጽር ሩቅ የሚያማትር ሰው ምን እንደሚፈልግ አይታወቅም። ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሊመለሱ ሲሉ ከእግራቸው ሥር ደረቅ ቄጠማ ተሰበረ፤ ባለመነጽሩም ዞረ። ወጣት ሴት ነበረች።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ስሟ ሔራን እንደሆነ፣ ባሕር ዳር ከተማ ባዮሎጂ እንደምታስተምር ነገረቻቸው። እሷና ጓደኞቿ በበጎ ፈቃድ ተሰባስበው፣ በሩቅ አገር በረዶ ሲወርድ ብርዱን ሸሽተው ወደ ጣና የሚመጡትን ወፎች በየዓመቱ በጥር ይቆጥራሉ። ከደንገሉ ማዶም አምሐ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ጓደኛዋ የበኩሉን እየቆጠረ ነበር።

መሪጌታ ይህን ሰምተው አላረፉም። ፍርሃታቸው ከሰው ወደ ወፍ ዞረ እንጂ አልቀነሰም።

«እንግዲያው ልጄ፣ ቶሎ ቁጠሪያቸው» አሉ። «ሰኞ ማደሪያቸውን ደንገሉን እናቃጥለዋለን።»

ሔራን ደንግጣ ምክንያቱን ጠየቀች፤ እሳቸውም ነገሩን ከሥሩ አስረዷት። ከገና ማግስት ጀምሮ የመንደሩ ዶሮዎች አንገታቸው እየተጠመዘዘ፣ እየተንገዳገዱ መሞት ያዙ። ሞቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ በመጨረሻ ዶሮ የሚጮህበት ደጅ ጠፋ። ሰው ሊነጋ ሲል ነቅቶ ድምፅ ሲጠብቅ የሚሰማው ዝምታ ብቻ ሆነ። በዚህ መካከል መሪጌታ በራዲዮ ከወፍ ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ደዌ ሰሙ።

«በዚሁ በጆሮዬ ሰማሁት» አሉ። «ከቅዳሴ በኋላ ለሰዉ ነገርሁ። እኒህ ወፎች ከየት እንደሚመጡ አናውቅም፤ ምን ይዘው እንደሚመጡም አናውቅም። ሰዉም ማደሪያቸውን አቃጥለን እናባርራቸው አለ። እኔም መረቅሁላቸው።»

«መሪጌታ፣ ወፍ በሽታ አያመጣም ብዬ አልዋሽዎትም» አለች ሔራን። «ሊያመጣ ይችላል። እኛም ዳርቻውን የምንዞርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የሞተ ወይም የሚንገዳገድ ወፍ ካየን ሳንነካ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ እንናገራለን። ዘንድሮ ግን ይህን ዳርቻ ሁሉ ስንዞር የወፍ ሬሳ አላየንም። ዶሮዎቹ መሞት ከመጀመራቸው በፊት ከውጭ የመጣ ዶሮ ነበር?»

መሪጌታ አሰቡ። ለገና ባለቤታቸው ከገበያ አንዲት ዶሮ ገዝተው ነበር፤ ርካሽ ነበረች፤ ክንፏን ጥላ ስታንቀላፋ አይተው ሳያርዷት ቀሩ። ከሁሉ በፊት የሞተችውም እሷ ነበረች።

ሔራንም፣ አርቢዎች ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ እንዲህ አንገት እንደሚጠመዝዝ፣ ቤቱ ሲገባበትም ሰው የቀሩትን ቶሎ ወደ ገበያ እያወጣ ሳያውቅ እንደሚያዛምተው አስረዳች። ባለሙያ ሳይመረምር ይህ ነው ብላ እንደማትምል፣ ፈንግል ከሆነ ግን ክትባት እንዳለው ነገረቻቸው።

«ይሁን፤ ግን ብናቃጥለውስ ምን ይጎዳናል?» አሉ መሪጌታ። «ጥፋት ካላቸው ይሄዱልናል፤ ከሌላቸውም ሌላ ቦታ ያድራሉ።»

«የት ይሄዳሉ ይላሉ? በየጓሮውና በየሽንብራው ማሳ ነው የሚበተኑት። የፈሩትን ነገር በገዛ እጅዎ ደጅዎ ድረስ ይጠሩታል። ደግሞስ ደንገሉ ከነደደ ታንኳ በምን ሊሠራ ነው? ዓሣውስ የት ሊራባ ነው?»

መሪጌታ በጉባኤ ቤት ሲከራከሩ ያደጉ ሰው ናቸውና እውነተኛ ቃል ሲሰሙ ያውቁታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይረቱ ነበር። ያን ማለዳ የያዛቸው ግን ቤታቸው ውስጥ የተኛው ነገር ነበር። ዙሪያቸውን ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባለቤቴ ታማለች» አሉ። «የሞቱትን ዶሮዎች በእጇ ሰብስባ የቀበረች እሷ ናት። አሁን እንደ እሳት ትነዳለች፤ ትንቀጠቀጣለች፤ ከትናንት ጀምሮ የማይያዝ ነገር ትናገራለች። ለሰው አልነገርሁም። ተማሪዎቼንም ወደ ቤት እንዳትመጡ አልኋቸው።»

ለምን እንደደበቁ ስትጠይቃቸው የነገሯት ሁሉ ፍርሃት ነበር። በኮሮና ጊዜ የሆነውን አይተዋል። ሰው ከሰማ ውሃ የሚያቀብላቸው ያጣሉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀሐይወርቅን ወስደው ዘመድ በማይደርስበት ቤት ይዘጉባቸዋል፤ እዚያ ከሞቱ ደግሞ ፍትሐት የሚያደርስ፣ የሚያለቅስ ሳይኖር ይቀበራሉ። መሪጌታ ለስንቱ ሬሳ የፍትሐቱን ዜማ እንደመሩ ሲያስቡ፣ ለገዛ ሚስታቸው መቅረቱን መቋቋም አልቻሉም። ስለዚህ በሩን ዘግተው፣ ጠበል እያጠጡ፣ ተአምር ይጠብቁ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሔራንም ፈራች። ሳታስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ መሪጌታም አይተው አንገታቸውን ደፉ። እሷ ግን አፍራ ተመለሰች፤ ከቦርሳዋ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛዎች አውጥታ አንዱን ሰጠቻቸው።

«አባቴ፣ ይስሙኝ» አለች። «በሽታው እርስዎ የሚፈሩት ከሆነ፣ በር ዘግቶ መደበቁ መንደሩን ይፈጃል። ሌላ ከሆነም እሳቸውን ይገድላል። በየትኛውም ቢሆን ቤት መቀመጡ አያድንም። ጠበሉን አይተዉ፤ ግን ጠበል ሐኪም ቤት አትሂዱ አይልም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ሰምተዋል።»

መሪጌታ ወደ ሐይቁ ዞሩ። ሐይቁ ላይ ያሉት ወፎች በአንድ ድምፅ ይንጫጩ ነበር። በመጨረሻ «ነይ» ብለው ፊት ፊት መሩ፤ ሔራንም አምሐ ባጃጁን ይዞ እንዲከተል በስልክ ነገረችው።

ቤቱ ጨለማ ነበር። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በአልጋው ላይ ተኮራምተው፣ ዓይናቸው ተገልጦ ማንንም አያዩም ነበር። ሔራን ከአልጋው በላይ ቀና ስትል ጣሪያው ላይ ባዶ ሚስማር አየች። ወደ ጓሮ ብትመለከት የአልጋ አጎበሩ በዶሮው ቤት ላይ ተወጥሮ ነበር። መቼ እንደተነሣ ጠየቀች።

«ዶሮዎቹ መሞት የጀመሩ ጊዜ» አሉ መሪጌታ። «ወፎቹ ከቀሩት ዶሮዎች ጋር እንዳይገናኙ ብዬ እኔው ዘረጋሁት።»

ሕመምተኛዋን በጋቢ ጠቅልለው ወደ ባጃጁ አወጧቸው።

ወደ ከተማው ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ ያን ቀን ክፍት ነበር። ቢሆንም መሪጌታ ከፊታቸው የቆመ ሰው ባዩ ቁጥር የሚያስቆማቸው ይመስላቸው ነበር። የባለቤታቸው ራስ በጭናቸው ላይ ሆኖ ሙቀቱ በጋቢው አልፎ ያቃጥላቸዋል። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የሞቱ እናታቸውን ስም እየጠሩ ውሃ ይለምኑ ነበር። መሪጌታ ሊጸልዩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዕድሜ ልካቸውን ያዜሙት ጸሎት መጀመሪያው ጠፋባቸው።

እዚያ ሲደርሱ ደም ተወሰደ። መሪጌታ በአግዳሚው ላይ ተቀምጠው ገመድ ይዘው የሚመጡ፣ በር የሚዘጉ ሰዎችን ሲጠብቁ የጤና መኮንኑ ወጣ። ወባ መሆኑን፣ እጅግ ጠንክሮ ወደ አንጎላቸው ሊወጣ እንደነበር፣ መርፌው እንደተጀመረ ነገራቸው።

«ከወፎቹ አይደለም?» አሉ መሪጌታ።

«ከወባ ትንኝ ነው አባቴ። አጎበር የላችሁም?»

መሪጌታ የገባቸው ያኔ ነው። አጎበሩን አስነሥቶ ትንኟን አልጋቸው ድረስ ያስገባት የወፍ ፍርሃታቸው ነበር።

በማግስቱ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ባለቤታቸውን ለዩ። የመጀመሪያ ቃላቸውም ተማሪዎቹ በልተው እንደሆነ መጠየቅ ነበር። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ። ሔራን ልትጠይቅ ስትመጣ ግን ሌላ ጭንቀት ይዟቸው አገኘቻቸው። ነገ ሰዉ ችቦ ይዞ ይወጣል፤ ያስወጣው የእሳቸው ቃል ነው። የተናገረውን የሚያጥፍ መምህር ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማዋል?

«ምን ብዬ እናገራለሁ?» አሏት።

«ፈርቼ ነበር ይበሏቸው» አለች። «እነሱም የሚወጡት ፈርተው ነው።»

ሰኞ ማለዳ መሪጌታ ከሔራን ጋር በአምሐ ባጃጅ ከከተማ ሲመለሱ ሰዉ በደንገሉ ዳር ተሰብስቦ ነበር። ከፊት የቆመው ምናሴ የሚባል ብርቱ ገበሬ ነው፤ ችቦው በእጁ ይነዳል። ባለቤታቸው በሞት ደጅ ከነበሩበት ሰዓት ይልቅ መሪጌታ ያን ጊዜ ፈሩ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሆኖም በሰዉና በደንገሉ መካከል ገብተው ቆሙ።

«ያስፈራኋችሁ እኔ ነኝ» አሉ። «ራዲዮው ያለውን ግማሹን ሰማሁ፤ የቀረውን በፍርሃቴ ሞላሁት። ፀሐይወርቅ ታማ ነበር። ከወፍ ነው ብዬ ደበቅኋት። ወባ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ልጆች ባይደርሱልኝ ደብቄ ልገድላት ነበር።»

«ዶሮዎቻችን ማለቃቸውስ ሐሰት ነው?» አለ ምናሴ።

«እውነት ነው፤ ለዚያም እነዚህ ልጆች የጠሩት የእንስሳት ሐኪም ዛሬ ይመጣል፤ መርምሮ ይነግረናል። እሳቱ ግን ዶሮ አያስነሣም። ከዛሬ ጀምሮ ከገበያ የመጣ ዶሮ ከቤቱ ዶሮ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይቆይ። ዶሮ የቀረልን እናስከትብ። የሞተ ወፍም ዶሮም በባዶ እጅ አይነካ፤ ለባለሙያ ይነገር። አጎበሩ ወደ አልጋው ይመለስ። ትኩሳት የያዘው ሰው ደግሞ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወፎቹን ልጆቹ ይቁጠሩልን፤ የሚሞቱ ቢሆን አስቀድመው የሚነግሩን እነሱ ናቸው። ማደሪያቸውን አጥፍተን ብናባርራቸው ግን የሚነግረን አይኖርም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ምናሴ ችቦውን እንደያዘ ጥቂት ቆየና አሸዋ ላይ ደፍቶ በእግሩ ረገጠው። ሰዉ አንድ ሁለት እያለ መበተን ጀመረ። ምናሴ ግን አልሄደም። ሁሉም ራቅ እስኪል ጠብቆ ወደ መሪጌታ ተጠጋ።

«መሪጌታ» አለ በዝግታ፤ «ታናሿ ልጄ ከቅዳሜ ጀምሮ ያተኩሳታል። በር ዘግቼባት ነው የወጣሁ።»

መሪጌታ ክንዱን ይዘው ወደ አምሐ ባጃጅ ወሰዱት።

ያን ቀን ባጃጁ ሲመላለስ ዋለ። ተዘግተው ከነበሩ ከሌሎች ሦስት ቤቶችም ሕመምተኛ ወጣ። ዶሮዎቹን የፈጀው ፈንግል መሆኑ ከሳምንት በኋላ ተረጋገጠ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅም፣ የምናሴ ልጅም፣ ሌሎቹም የወባ መድኃኒታቸውን ጨርሰው በእግራቸው ወደ መንደራቸው ተመለሱ።