ባልና ሚስት ያስመሰለን ኩርፊያ

ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከተኮራረፍን ዓመታት አልፈዋል። እናታችን ግን «ለየብቻ ከመጣችሁ በሬን አልከፍትም» ስላለችን፣ ከአዳማ ወደ ኩየራ በአንድ ሚኒባስ ተሳፈርን። መሃላችን የማናውቃቸው አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። እሱ «መስኮቱን ትዝጋው በሏት» ይላቸዋል፤ እኔ «ይሞቀኛል በሉልኝ» እላለሁ። እስከ መቂ ታገሱን። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና «ልጆቼ፣ ትዳር መቻቻል ነው። ለመሆኑ ወልዳችኋል?» ብለው ሽምግልናውን ጀመሩት።

ወንድሜ ኮስተር ብሎ «አባባ፣ እቺን እንኳን ላገባት፣ እህቴ የሆነችውም ሳልጠየቅ ነው» አላቸው። ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሊኮሳተር ሞክሮ አቃተው። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «እንግዲያው የእናንተስ ባሰ» አሉ። «ሚስት ትፈታለች፤ እህት በየት በኩል ትፈታለች?» ብለው ተነሱና እኔን ወደ መሃል አስገቡኝ። እሳቸው መስኮቱን ያዙ፤ ዘጉትም።

ኩየራ ደርሰን እናታችን በሩን ስትከፍት አሁንም እንስቃለን። «ምን አግኝቷችሁ ነው?» ብትል፣ ወንድሜ ሻንጣዬን እንደተሸከመ «ባለቤቴን ጠይቂያት» ብሏት ገባ።